መካን የተባለችው ደወል

ሰው መካን ሲባል ሰምቼ አውቃለሁ፤ ላምም ትባላለች። ደወል መካን ሲባል የሰማሁት ግን በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያን ቀን "ለምን?" ብዬ ባልጠይቅ ኖሮ፣ ይህን የምታነቡት እናንተና የምጽፈው እኔ ባልተገናኘን ነበር።

ከአዘዞ አለፍ ብላ ባለችው ፀዳ ላይ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ትንሽ የብየዳ ቤት ነበረኝ። አሁንም አለኝ። በር፣ መስኮት፣ አልጋ፣ የተሰበረ የባጃጅ ወንበር፣ ያልበየድኩት ነገር የለም። አዲስ ደንበኛ ሲመጣ አንገቱን አስግጎ ወደ ውስጥ ያይና "በያጁ የለም?" ይለኛል። "ወጣ ብሏል፤ እስኪመጣ እኔ ልሞክርልዎ" እላለሁ። ሥራውን ጨርሼ ካስረከብኩት በኋላ እንኳ "ለማንኛውም በያጁ ሲመጣ ይየው" ብሎኝ የሄደ ሰው አለ።

ጠያቂ ነኝ። አንድ የተሰበረ ብረት ሲመጣልኝ ከምን ላይ እንደተነቀለ፣ ማን እንደሰበረው፣ እንዴት እንደሰበረው ሳላውቅ እጄን አላነሳም። ባለቤቴ ጌታነህ "አንቺ ብረት አትበይጂም፤ ቃል ነው የምትቀበዪው" እያለ ይስቅብኝ ነበር።

ቤት ውስጥ ግን አንድ የማልጠይቀው ነገር ነበር። ከተጋባን ብዙ ዓመት ሆኖን ልጅ አልመጣም። ሐኪም ቤት ሄጃለሁ፤ ጠበልም ተጠምቄያለሁ። ሐኪሟ "ካንቺ በኩል ያየሁት ችግር የለም፤ በሚቀጥለው ባለቤትሽን ይዘሽው ነይ" ብላኛለች። እኔም እሺ ብዬ ወጣሁና አፌን ዘጋሁ። ጌታነህን እወደዋለሁ፤ ይከፋዋል ብዬ ፈራሁ። በዚያው ሰሞን አማቴ አንድ ተዝካር ላይ፣ እኔ ወጥ ይዤ በአጠገቧ ሳልፍ፣ "ልጄን መካን ይዛብኝ ቀረች" አለች። ከኅዳር ጽዮን በኋላ ሽማግሌ ሰብስባ ልታለያየን እንዳሰበችም ሰማሁ። እንግዲህ ያን ሳምንት በዚህ ቃል ቆስዬ ነው የሰነበትኩት።

አያ ፈረደ የመጡት የኅዳር ጽዮን ንግሥ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በጠዋት ነው። ከፀዳ በላይ ካለው አፋፍ፣ ሾላ አፋፍ ማርያም ከምትባል ትንሽ ደብር፣ በእግራቸው ወርደው ነው የመጡት። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው የተከናነቡ ገበሬ ናቸው።

"በያጁ የለም?" አሉኝ።

"እኔ ነኝ አያ።" የቀልድ ልብ አልነበረኝም።

አዩኝና "እንግዲያስ ሸጋ ነው" አሉ። "የመካኒቱ ጆሮ ተበጥሶብናል። ነገ ዋዜማ ነው፤ ከዚያ በፊት መሰቀል አለባት።"

መዶሻው ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። "የማ ጆሮ?"

"የመካኒቱ። የደወላችን። ትናንት ለቅዳሴ ስመታት ጆሮዋ ተበጠሰና ዱብ አለች። ምነው? ምን ሆንሽ?"

"ደወል ምነው መካን ተባለች?"

"እንጃ፤ ስሟ ነው። እኛም ተወልደን ነው የሰማነው።"

ሥራ ተደራርቦብኝ ነበር፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ሌላ በያጅ ፈልጉ እል ነበር። ግን ያቺን ደወል ሳላያት ማደር አልቻልኩም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የሄድኩት ለማርያም ብዬ አይደለም። ስሜን የተጋራችኝን ለማየት ነው።

ጄኔሬተሩንና የብየዳ ማሽኑን በባጃጅ ጭነን መንገዱ እስካለበት ሄድን፤ ከዚያ በሁለት አህያ ተጫነ። አያ ፈረደ መንገዱን ሁሉ ስለ ደወሏ አወሩኝ። ደዋይነቱን ከአባታቸው ነው የተረከቡት። ስለ ሚስታቸው ያን ያህል ያወራሉ ብዬ አላስብም።

"ሌሎች አድባራት ደወል ሲመቱ" አሉኝ፣ አፋፉ ላይ ቆመን ትንፋሽ ስንሰበስብ፣ "ድምፁ ከማዶው ገደል ደርሶ ይመለሳል። የኛዋ ግን ዱም ትላለች፤ በቃ፤ የሚመለስ የለም። ድምጿ ልጅ የለውም። ለዚያ ይሆናል መካን ያሏት።"

ምክንያቱ ደስ አለኝ፤ ለአንድ አፍታም አመንኩት። ከበታቻችን አዘዞ ተዘርግቷል፤ ወደ ደቡብ ጣና እንደ ቆርቆሮ ያበራል። ግን የሥራዬ ጠባይ ነው መሰል፣ ወዲያው ሌላ ጥያቄ ተነሳብኝ። ብረት ሆና ምነው አትጮህም?

ደወሏን ከቅጥሩ ውጭ አውጥተው፣ ወይራ ሥር፣ ለምለም ሣር ላይ አስተኝተዋታል። ቄሰ ገበዙ አባ ይርጋ በአጠገቧ ቆመዋል። የደብሩ ንብረት ሁሉ በእሳቸው እጅ ነው፤ ፊታቸው ላይ የንግሡ ጭንቀት ይነበባል። መስቀላቸውን አሳልመውኝ "እንግዲህ ልጄ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ" አሉኝ።

ጎንበስ ብዬ አየኋት። የመጀመሪያው የገረመኝ አፍ የሌላት መሆኑ ነው። ደወል አፉ የተከፈተ ነው። ይቺ ግን ድፍን ናት። ሆዷ ሰፋ ያለ፣ አንዱ ጫፏ ክብ፣ ሌላው ጫፏ ቀጥኖ የተቀደደ ስስ ብረት የተንጠለጠለበት። ሆዷ ላይ፣ መዶሻ የሚያርፍበት ቦታ፣ ብረቱ ነጥቶ ያበራል። ለአራት ወንድ የምትከብድ ናት። በጣቴ አንኳኳኋት። ምንም። በመፍቻ መታ አደረግኋት። ዱም።

"አያ፣ ውስጧ ምን አለ?"

"ምን ይኖራታል? ብረት ናት።"

"አፈር ሞልታችሁባት ይሆን?"

"በየት በኩል እንሞላለን?" አሉና ሳቁ። ልክ ናቸው፤ ቀዳዳ የላትም።

የምትንጠለጠልበት፣ የተበጠሰው ጆሮ ሥሩ ዝጎ ነበር። መጀመሪያ በሽቦ ብሩሽ ፈገፈግሁት። ዝገቱ ሲለቅ ከሥሩ ያረጀ ቢጫማ ቀለም ብቅ አለ፤ ወደ ክቡ ጫፏ ደግሞ ዙሪያዋን የሚዞር ቀይ መስመር።

"መቀነቷ ነው" አሉ አያ ፈረደ፣ እንደሚያስተዋውቁኝ ሁሉ።

ጄኔሬተሩን አስነሳሁ። ግራይንደሩን ይዤ የጆሮዋን ሥር ሞረድኩት። የእሳት ብናኙ ሆዷ ላይ ይረጫል፤ እኔ ደግሞ በአንድ ጉልበቴ ተደግፌያታለሁ። ብረቱ ሞቅ ሲል በሱሪዬ በኩል ተሰማኝ። ያኔ ልቤ ያለው መቀነቷ ላይ ነበር። ደወል የሚሠራ ሰው ቀይ መቀነት የሚቀባ ለምንድን ነው?

ግራይንደሩን አስቀምጬ ኤሌክትሮዱን፣ የብየዳውን ዘንግ፣ መያዣው ውስጥ ከተትኩ፤ ማስኬን ወደ ግንባሬ አደረግሁ። የቀረኝ ማስኩን ማውረድና ማስነካት ብቻ ነው። በዚህ መሃል ወደ አዘዞ የሚወርድ የመንገደኛ አይሮፕላን ዝቅ ብሎ በላያችን አለፈ። አያ ፈረደም ቄሰ ገበዙም ቀና ብለው አላዩትም፤ በየቀኑ የሚያልፍ ነው። ከቅጥሩ በር አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የነበሩ አንዲት አሮጊት መነኩሲት ግን ሁለት እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጭነው ጉልበታቸው ውስጥ ተሸጎጡ።

"እማሆይ ምን ሆኑ?" አልኩ።

"እማሆይ አስካለ ሁልጊዜ እንዲያ ናቸው" አሉ አባ ይርጋ። "ተያቸው፤ ሥራሽን ያዢ።"

"ለምን?"

"ልጄ፣ ወሬው ኋላ ይደርሳል። ፀሐይዋን እያየሻት።"

ኤሌክትሮዱን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። ጄኔሬተሩ እየጮኸ፣ ነዳጁ እየነደደ፣ ቄሰ ገበዙ ከኋላዬ እያጉረመረሙ ወደ እማሆይ ሄድኩ። ብዙ ሰው እንደ ቅብጠት የሚቆጥርብኝ ጠባዬ ይሄ ነው።

ከአጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ። "እማሆይ፣ የመንገደኛ አይሮፕላን እኮ ነው። ምንም አያደርግም።"

እጃቸውን ቀስ ብለው ከራሳቸው ላይ አወረዱ። ዓይናቸው ደክሟል፤ አነጋገራቸው ግን ጥርት ያለ ነው። "አውቃለሁ ልጄ። አንገቴ ነው የማያውቀው።"

"ምን ያስታውሰዎታል?"

"ትንሽ ልጅ ሆኜ፣ ጣሊያን አዘዞን ይዞ መሽጎ ሳለ፣ እንግሊዞቹ በላይ በላይ መጡ። እንዲህ እንደ ዛሬው ሸጋ ቀን ነው። ከጣና ማዶ እንደ ወፍጮ የሚያጉረመርም ድምፅ መጣ። ለጣሊያን ያሉት እኛም ላይ ወረደ። ከላይ ሲጥሏት አንዲት ናት። መሬት ስትነካ ትወልዳለች።"

"ትወልዳለች?"

"እናቶቻችን እንዲያ ነበር የሚሉት። የእሳት እናት ወረደች፣ ወለደች ይላሉ። ልጆቿ ይበተኑና ቤቱንም ከብቱንም ይበላሉ። ታላቅ ወንድሜን የበሉት እነሱ ናቸው። ከዚያች ጋር አብረው የወረዱት ሁሉ ወለዱ። እሷ ግን የማርያም ማሳ ላይ ወድቃ ዝም አለች። ሰው ሸሽቶ ጠበቃት፤ ምንም የለም። አባቴ 'ይቺስ መካን ናት' አለ። ማርያም ማህፀኗን ዘጋችው ተባለ። ደወላችንን ጣሊያን ወስዶት ነበርና፣ ጊዜው ሲረጋጋ እሷን ሰቀሏት።"

"ማንን ነው የሰቀሏት እማሆይ?" አልኳቸው፤ መልሱን አውቄው ነበር።

"እሷን ነዋ" አሉ፤ በአገጫቸው ወደ ወይራው እያመለከቱ። "አሁን እንደ ቅርጫ በሬ ከበሽ የምትሞርጃትን።"

ዞር ብዬ አየኋት። እኔን መካን ሲሉኝ ባዶ ማለታቸው ነው። ይቺን መካን ያሏት ግን ባዶ ስለሆነች አይደለም፤ አልወለደችም እንጂ ሆዷ ሙሉ ነው። ዱም የምትለው ለዚያ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ሰው በሆዷ እንደያዘች ደብድቧታል፤ እኔ ደግሞ አሁን እሳት ላስነካት ነበር።

ተነስቼ ሄጄ ጄኔሬተሩን አጠፋሁ። ሰፈሩ ጸጥ አለ።

"ሁላችሁም ከዚህ ራቁ" አልኩ። "አያ፣ በቅጥሩ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ ወደ ላይ አውጡልኝ። ይቺ ቦንብ ናት። አልፈነዳችም።"

አያ ፈረደ መጀመሪያ የሳቁ መሰለኝ። ከዚያ ቀስ ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ። "እኔ እኮ ባለፈው ለትንሣኤ" አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሁሉ፣ "በጣም አጥብቄ ነው የመታኋት።"

አባ ይርጋ ግን ተቆጡ። ፈርተው እንደሆነ የገባኝ ኋላ ነው። "ነገ ዋዜማ ነው! ሕዝቡ በምን ይጠራል? አባቶቻችን ሲመቷት ኖረዋል፤ ትናንት ከላይ ወድቃ እንኳ ዝም ብላለች። ይኸው፣ ምንም የላትም" አሉና የደወሏን መዶሻ ከመሬት አነሱ።

ሊመቷት ነው። እኔን ለማሳመን ሊመቷት ነው። በመሃል ገብቼ ቆምኩ፤ ጀርባዬን ለእሷ፣ ፊቴን ለእሳቸው። መዶሻው ከትከሻቸው በላይ ነበር። ስለ ብረት፣ ስለ ሙቀት፣ ስለ ባሩድ የማውቀውን ልነግራቸው አሰብኩ፤ በዚያ ሰዓት የሚሰሙኝ አልመሰለኝም። አፌ ላይ የመጣው ሌላ ነው።

"አባ፣ እማሆይ እንደነገሩኝ የዘጋቻት ማርያም ናት አይደል?"

"እሷ ናት እንጂ!"

"እንግዲያ እሷ የዘጋችውን እርስዎ በመዶሻ፣ እኔ በእሳት ለምን እንከፍታለን?"

መዶሻው አየር ላይ ቆየ። እማሆይ አስካለ ከድንጋያቸው ሆነው በቀጭን ድምፅ "ይርጋ፣ አስቀምጠው" አሉ። በማዕረግ አልጠሯቸውም፤ እንደ ልጅ ነው ያዘዟቸው። ቄሰ ገበዙም እንደ ልጅ ታዘዙ። መዶሻውን ሣሩ ላይ እንቁላል እንደሚያስቀምጥ ሰው አኖሩት። ከዚያ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

በስልክ ለፖሊስ ተናገርን፤ ፖሊስ ለወታደሮቹ። ሰዉ ወደ ላይኛው ጎጥ ወጣ። ወታደሮቹ በማግስቱ ረፋድ ላይ ደረሱ። የነበሩት ጥቂት ናቸው፤ አለቃቸው ሃምሳ አለቃ ነው፤ እርጋታው ሰውን ያረጋጋል። ለብቻው ሄዶ፣ ተንበርክኮ፣ ብዙ ጊዜ አይቷት ተመለሰ።

"ቀይ ቀለበቱ ሙሉ ናት የሚል ምልክት ነው" አለን። "ስትወድቅ ማፈንጃዋ ተጣብቆ ቀርቷል። ሞርዶ ያጸዳት ማነው?"

"እኔ ነኝ" አልኩ።

ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። "ብየዳውን ብትጀምሪው ኖሮ ውስጧ ያለው አይታገስሽም ነበር። ምን አስቆመሽ?"

"ስሟ" አልኩት። አልገባውም፤ እኔም አላብራራሁለትም።

በቃሬዛ ተሸክመው መንገዱ ድረስ አወረዷትና፣ በአሸዋ በተሞላ ማኪና አድርገው፣ በእግር ከሚሄድ ሰው ቀስ ብለው፣ ከገደሉ ሥር ወዳለው ደረቅ ወንዝ ወሰዷት። እኛ ከላይኛው ጎጥ ሆነን ጠበቅን። እኛ አገር ፍንዳታ ሰምቶ የማያውቅ ሰው አይገኝም፤ ግን ይሄኛውን አዋቂ ሁሉ ጆሮውን በጣቱ ደፍኖ እንደ ሕፃን ነው የጠበቀው። መጀመሪያ መሬቱ ከእግራችን ሥር ተንቀሳቀሰ። ቀጥሎ ድምፁ መጣ። ከዚያ ማዶው ገደል መለሰው። የዚህኛው ገደል ተቀብሎ እንደገና መለሰው። እየሄደ፣ እየመጣ፣ እያነሰ፣ ወደ ጣና በኩል ሄዶ ጠፋ።

አያ ፈረደ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። በዚያች ደወል ከገደሉ የተመለሰ ድምፅ ሰምተው አያውቁም።

"ወለደች" አሉ እማሆይ አስካለ ቀስ ብለው። ከዚያ የወንድማቸውን ስም ጠርተው አማተቡ። አንገታቸውን ግን አላጎነበሱም።

ያን ዓመት ዋዜማው ያለ ደወል ተቆመ። ሰው በጩኸት ተጠራ፤ ከወትሮው ይልቅ ብዙ ሕዝብ መጣ፤ አባ ይርጋም ስብከታቸውን መሃል ላይ አቋርጠው አለቀሱ።

እኔ ቤት የገባሁት አቧራ ለብሼ ነው። ጌታነህ ወሬው ደርሶት በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር፤ አቅፎኝ አለቀቀኝም። አማቴ ሳሎን ተቀምጣለች። ተነስታ ውሃ ቀድታ ሰጠችኝ። መጥፎ ሴት አይደለችም፤ የልጅ ልጅ የናፈቃት ሴት ናት። ውሃውን ጠጥቼ ሳልቀመጥ፣

"ጌታነህ፣ አንተ ተመርምረህ ታውቃለህ?" አልኩት።

አማቴ ልትናገር አፏን ከፈተች። ጌታነህ እጁን አንስቶ አስቆማትና፣ "አላውቅም" አለ። "ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።"

በሚቀጥለው ሳምንት አብረን ሄድን። የሐኪሟን ወሬ ከእናንተ ጋር አልካፈልም፤ የእኔና የእሱ ነው። ሽማግሌዎቹ ግን አልመጡም፤ ያ ቃልም በቤታችን ዳግመኛ አልተነገረም።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ስለ ድፍረቴ አታመስግኑኝ። አንዳንዱ ሰው ታሪኩን ሲሰማ "ጀግና ነሽ" ይለኛል፤ ቦንብ ላይ ተደግፎ ግራይንደር የሚያስነሳ ሰው ጀግና ከተባለ ይሁን። እኔ የምለው ይሄን ነው፤ በየቤታችሁ የተሰቀለ፣ ሁሉም የሚጠራው፣ ማንም "ለምን?" ያላለው ስም ካለ፣ ሥራችሁን አቁማችሁ ጠይቁ። ጄኔሬተሩ ይጩህ። ለአንድ ሰፈር ደወል ይህን ያህል የጠየቅሁ ሴት፣ ለራሴ ለመጠየቅ ያን ያህል መቆየቴ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ለደብሯ አዲስ ደወል የሠራሁላቸው እኔ ነኝ። ከአሮጌ የጭነት ማኪና ቸርኬ ነው፤ አፉ የተከፈተ፣ ሆዱ ባዶ። ጆሮውን በደንብ አጥብቄ በየድኩት። ስንሰቅለው አያ ፈረደ መዶሻውን ይዘው ለመምታት ሦስቴ ተነስተው ሦስቴ ተመለሱ። በመጨረሻ ዓይናቸውን ጨፍነው መቱ። ድምፁ ጥርት ብሎ ማዶ ገደል ደረሰና ተመለሰ። አያ ፈረደ ፊታቸው በራ።

"ሸጋ ናት" አሉ። "ማን እንበላት?"

አባ ይርጋም እማሆይም ወደ እኔ ዞሩ።

"ስም አታውጡባት" አልኩ። "ደወል ናት። ደወል በሏት።"